ከሐሰት ቃል የተሠራ ፊልም፦ የ«ሄንሪ» ታሪክ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1983 (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቴክሳስ ፖሊሶች ሄንሪ ሊ ሉካስ የተባለ ቋሚ መኖሪያ የሌለው የጉልበት ሠራተኛ የጦር መሣሪያ ይዘሃል ብለው አሰሩት። መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለው ቀድሞ የተፈረደበት ሰው ስለነበር ነው፤ በ1960 ሚሺጋን ውስጥ እናቱን ገድሎ ዐሥር ዓመት ያህል ከታሰረ በኋላ ተፈትቷል። እስር ቤት ጥቂት ቀናት እንደቆየ ሁለት ሴቶች መግደሉን አመነ። አንደኛዋ ያስጠጋችው አሮጊት፣ ሁለተኛዋ አብራው ከአገር አገር ትዞር የነበረች ለጋ ልጅ ነበረች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የሉካስ ስም ከአንድ የገጠር ፍርድ ቤት መዝገብ ባላለፈ ነበር። እሱ ግን ዳኛ ፊት ቆሞ ሌሎች መቶ ያህል ሰዎች ገድያለሁ አለ፤ ቁጥሩም ከወር ወር እያደገ ስድስት መቶን አለፈ። የቴክሳስ ሬንጀሮች በዊልያምሰን አውራጃ እስር ቤት ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ከየግዛቱ መርማሪዎች መፍትሔ ያጣ መዝገባቸውን ተሸክመው ይመጡ፣ ሉካስ ፊት ይዘረጉ፣ «እኔ ነኝ» የሚል ቃል ተቀብለው ይመለሱ ጀመር። ከሁለት መቶ በላይ የግድያ መዝገቦች በዚህ መንገድ ተዘጉ። ሰውየው በጆንስታውን ለሞቱት የጂም ጆንስ ተከታዮች መርዙን ያደረስኩት እኔ ነኝ እስከማለት ደርሶ ነበር፤ ያም ሆኖ ሲጋራውና ሚልክ ሼኩ አልተቋረጠበትም።

ይህ ሁሉ እንዴት ሊታመን ቻለ? በዚያው በ1983 ሐምሌ ላይ አንድ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በተከታታይ ገዳዮች ጉዳይ ምስክሮችን ሰምቷል፤ ኤፍ ቢ አይ ከግዛት ግዛት እየተዘዋወሩ የሚገድሉ ሰዎችን ለመከታተል ብሔራዊ የመረጃ ማዕከል ያስፈልጋል ይል ነበር፤ ቪካፕ የተባለውን ማዕከልም በ1985 ሥራ አስጀመረ። ሉካስ ለዚህ ሁሉ ሥጋ ለብሶ የመጣ ማስረጃ ሆነ። መርማሪው መዝገቡን መዝጋት፣ ቴሌቪዥኑ አስፈሪ ፊት ማሳየት፣ እስረኛው ደግሞ ተፈላጊ መሆን ይፈልግ ስለነበር ሁሉም ከውሸቱ ድርሻውን አገኘ። «ሄንሪ፦ የአንድ ተከታታይ ገዳይ ምስል» የተሰኘው ፊልም የተወለደው ከዚህ ገበያ ነው። ስለ ፊልሙ በተጻፈ ቁጥር «እንደ ዘጋቢ ፊልም እውነተኛ ነው» የሚል ምስጋና ይደጋገማል። ምስጋናው ለፊልሙ ይገባዋል፤ የሚሰጥበት ምክንያት ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ፊልሙ ስለ ገዳዩ የሚነግረን አብዛኛው ነገር ሐሰት ሆኖ በተገኘ ቃል ላይ የቆመ ነው። በታማኝነት የመዘገበው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎች ግድያን ተቀምጠው እንዴት እንደሚመለከቱ።

በዚያ ዘመን የቪዲዮ ካሴት አከራይ ሱቆች በአሜሪካ ከተሞች እንደ አሸን ይፈሉ ነበር፤ መደርደሪያቸውን የሚሞላ ማንኛውም ነገር፣ በተለይም አስፈሪ ፊልም፣ ገዥ አያጣም። ማሊክ እና ወሊድ አሊ የተባሉ ወንድማማቾች በቺካጎ አቅራቢያ ኤም ፒ አይ የተባለውን የቪዲዮ ኩባንያ ያስተዳድሩ ነበር። ጆን ማክኖተን በ1950 እዚያው ቺካጎ የተወለደ ሲሆን፣ በ1984 ስለ ጥንቱ የወሮበሎች ዘመን ከድሮ ምስሎች የተቀነባበረ አንድ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶላቸዋል። ቀጣዩ ሥራ ስለ 1950ዎቹ የቺካጎ የትግል ውድድር የሚተርክ ሌላ ዘጋቢ ፊልም እንዲሆን ተስማምተው ነበር። የድሮዎቹ ምስሎች ባለቤት ግን ዋጋውን ድንገት ስለሰቀለው ነገሩ ፈረሰ። ወሊድ አሊ ገንዘቡን መልሶ ኪሱ አልከተተም፤ ለማክኖተን መቶ ሺህ ዶላር ሰጥቶ ደም የበዛበት አስፈሪ ፊልም እንዲሠራለት አዘዘ። ርእስ አልመረጠለትም፣ ታሪክም አልነገረውም። ማክኖተን ምን እንደሚሠራ ግራ ገብቶት ሳለ አንድ ወዳጁ ከኤቢሲ ቴሌቪዥን «20/20» ፕሮግራም የተቀዳ ካሴት አሳየው። በካሴቱ ላይ ሉካስ ስለ ግድያዎቹ በተረጋጋ ድምፅ ያወራል። የፊልሙ ዘር ይህ ነው። ዳይሬክተሩ ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ ሄዶ አልመረመረም፣ የፍርድ ቤት መዝገብም አላገላበጠም፤ እንደማንኛውም ተመልካች ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነው ሄንሪን ያገኘው።

ማክኖተን ከሪቻርድ ፋየር ጋር ስክሪፕቱን ጻፈ። ፋየር የመጣው ኦርጋኒክ ቲያትር ከተባለው የቺካጎ የመድረክ ቡድን ሲሆን፣ የሄንሪን የግድያ ባልደረባ ኦቲስን የሚጫወተው ቶም ታውልስና የእኅቱን የቤኪን ሚና የያዘችው ትሬሲ አርኖልድም ከዚያው መንደር ናቸው። ሄንሪን እንዲጫወት የተመረጠው ማይክል ሩከር በፊልም ላይ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር፤ በጽዳት ሠራተኛነት ይተዳደር ስለነበር በፊልሙ ውስጥ የሚለብሰው የገዛ ራሱ የሥራ ልብስ ነው። ቀረጻው በ1985 በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም በአራት ሳምንት ገደማ ተጠናቀቀ፤ ጠቅላላ ወጪውም 110 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። የሚገደሉትን ሰዎች የሚጫወቱ በቂ ተዋንያን ስላልነበሩ አንዲት ተዋናይት ከአንድ በላይ ሟች ሆና ተጫውታለች። የቺካጎ ጎዳናዎች፣ ጠባቡ አፓርትመንት፣ የሚያልፉት መኪኖች ያለ ብዙ ዝግጅት እንዳሉ ተቀርጸዋል። «የዘጋቢ ፊልም መልክ» የሚባለው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

በዚሁ 1985፣ ገና በሚያዝያ ወር፣ የሉካስ ታሪክ ቴክሳስ ውስጥ መፈራረስ ጀምሮ ነበር። ጋዜጠኛው ሂው ኤይንስወርዝ ከባልደረባው ጋር በዳላስ ታይምስ ሄራልድ ላይ ባወጣው ተከታታይ ዘገባ፣ ሉካስ ገደልኩ ባለባቸው ቀናት በሌላ ግዛት ሥራ ላይ እንደነበር የሚያሳዩ ሰነዶችን አቀረበ። በ1986 የቴክሳስ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ጂም ማቶክስ ቢሮ ባወጣው ሪፖርት የሥራ መዝገቦችንና የተመነዘሩ ቼኮችን ተከትሎ ወደዚያው ድምዳሜ ደረሰ። ሉካስ ራሱ ቃሉን አንዴ እየካደ አንዴ እየመለሰ ይዋዥቅ ነበር። የፊልሙ ሠሪዎችም ይህን ያውቁ ነበር፤ መግቢያው ላይ በጽሑፍ የሚታየው ማሳሰቢያ ታሪኩ ልብ ወለድ መሆኑን፣ በከፊል የተመሠረተውም ሄንሪ የተባለ ሰው በሰጠውና ብዙውን በኋላ በካደው ቃል ላይ መሆኑን ይናገራል። ብዙ ተመልካች ይህን እንደ ጠበቃ ምክር ቆጥሮ ያልፈዋል። እኔ ግን የፊልሙ ቁልፍ ዓረፍተ ነገር አድርጌ ነው የማነበው፤ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ መሐል ላይ ይደግመዋልና።

ቤኪ ወንድሟ ቤት ትመጣለች፤ ሄንሪ እናቱን መግደሉን ከወንድሟ ትሰማለች። ኦቲስ የነገራት በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጦ እንደገደላት ነው። ሄንሪን ራሱን ስትጠይቀው በጩቤ ወጋኋት ይላታል። በልጅነቱ እናቱ ያደረሰችበትን ስቃይ ዘርዝሮ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ተኩሼ ገደልኳት ይላል። ቤኪ ግራ ተጋብታ፣ በጩቤ ነው አላልክም እንዴ ብላ ስታስታውሰው ያለ ምንም ድንጋጤ አዎ፣ በጩቤ ነው ብሎ ያልፋል። ይህ ትዕይንት ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥ ይሆናል፤ የቴክሳስ መርማሪዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቁትን ጥያቄ ግን አንዲት ምስኪን ልጅ ትጠይቃለች። መልሱ ሲምታታ ደግሞ እሷም እንደ መርማሪዎቹ ማመኑን ትመርጣለች። አሳዛኝ ልጅነት ያለው ሰው ያዝንላት ዘንድ፣ ታዝንለት ዘንድ ትፈልጋለችና። ሉካስ ያወራውን ሁሉ እውነት ብሎ የተቀበለ ፊልም ይህን ትዕይንት አይጽፍም።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ እናንሳ። ቀዝቃዛው አተራረክ፣ ያልተኳለው ብርሃን፣ ሙዚቃ የማያዳምቀው ጭካኔ፣ ይህ ሁሉ የገንዘብ እጦት እንጂ ጥበብ አይደለም የሚሉ አሉ። ፊልሙ ሲከፈት ግድያ አናይም፤ ሣር ላይ የተጋደመች ሴት፣ የመጠጥ ሱቃቸው ውስጥ የወደቁ ባልና ሚስት፣ ውሃ ላይ የተንሳፈፈች ሴት እናያለን። ካሜራው በዝግታ ሲንቀሳቀስ ድብድቡና ጩኸቱ ከምስሉ በላይ፣ ካለፈ ጊዜ እንደሚመጣ ማሚቶ ይሰማል። በመሐሉ ሄንሪ ምሳውን በልቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። እርግጥ ነው፣ ሬሳ መቅረጽ ግድያ ከመቅረጽ ይረክሳል፤ የቆመ ሰው ሲወድቅ ማሳየት የማታለያ ደም፣ የሰለጠነ ባለሙያና ጊዜ ይጠይቃል። ነገር ግን እጦት የሚያስረዳን ምን እንዳልነበራቸው እንጂ በነበራቸው ምን እንዳደረጉ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ለካሴት ገበያ በርካሽ የተሠሩ አስፈሪ ፊልሞች ያላቸውን ጥቂት ገንዘብ ያፈሰሱት በደሙ ላይ ነበር፤ ገበያውም ወሊድ አሊም የጠየቁት ይህንኑ ነው። ማክኖተንና ፋየር ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ጭምብል ያጠለቀ ጭራቅ፣ በመጨረሻ የምትተርፍ ጀግና፣ ዱካ የሚከተል ብልህ መርማሪ አልጨመሩም። እንዲያውም በፊልሙ ውስጥ ገዳዮቹን የሚያሳድድ ፖሊስ የለም፤ ሕግን ወክሎ የሚመጣው ኦቲስን በአመክሮ የሚከታተል የደከመው ሠራተኛ ብቻ ነው። ፖሊስ ማስገባት ደግሞ ያን ያህል ውድ አልነበረም፤ አንድ የደንብ ልብስ ይበቃ ነበር።

የቴሌቪዥን ሳጥን በፊልሙ ውስጥ ያለውን ድርሻ ማየት ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። ኦቲስ ተናዶ የቤቱን ቴሌቪዥን በእግሩ ይሰብራል። እሱና ሄንሪ ሌላ ፍለጋ የተሰረቀ ዕቃ ወደሚሸጥ ሰው ይሄዳሉ፤ ሰውየው ሲሳደብባቸው ይገድሉታል፣ ከመግደያ መሣሪያዎቻቸው አንዱ ጭንቅላቱ ላይ የከሰከሱት ቴሌቪዥን ነው። ከሱቁ አንድ የቪዲዮ ካሜራ ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትዕይንት ፊልሙን በሁለት አህጉር ያስከሰሰው ነው። ሄንሪና ኦቲስ ወደ አንድ ቤተሰብ ቤት ገብተው ባልን፣ ሚስትንና ልጃቸውን ሲገድሉ የምናየው በዚያ ካሜራ በተቀረጸ ደብዛዛ ምስል ነው። ቀረጻው አይቆራረጥም፤ ካሜራው ተጋድሞ ምስሉ ሲዘምም ማንም አያቃናውም። ለደቂቃዎች ያህል ግድያው አሁን፣ ዓይናችን እያየ የሚፈጸም ይመስለናል። ቆይቶ ግን የእኛ ካሜራ ያፈገፍጋል፣ ሁለቱ ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው የገዛ ቅጂያቸውን እያዩ መሆኑ ይገለጣል። ኦቲስ እንደገና ልየው ብሎ ካሴቱን ወደ ኋላ ያጠነጥናል። እኛ በምን ዓይነት ሶፋ ላይ ተቀምጠን ስናይ እንደቆየን የምናውቀው ያን ጊዜ ነው። በኪራይ ካሴት ቤቱ ተቀምጦ እንዲታይ ታስቦ የተሠራ ፊልም መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ፣ ትዕይንቱ የታለመው ደም ለማየት ሁለት ዶላር የከፈለውን ደንበኛ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ፊልሙ በ1986 በቺካጎ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ታየ፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል አከፋፋይ አጥቶ መደርደሪያ ላይ ቀረ። የአሊ ወንድማማቾች ያዘዙት ይህን አልነበረም፤ ለሱቅ በጣም ጨለማ፣ ለሲኒማ ቤት በጣም ድሃ ሆነባቸው። የአሜሪካ ፊልም ማኅበር ደረጃ ሰጪዎች ለወሲብ ፊልም የሚታወቀውን «ኤክስ» ሰጡት፤ ማክኖተን የትኛውን ልቁረጥ ብሎ ሲጠይቅ ችግሩ በጠቅላላ መንፈሱ ላይ ስለሆነ የትኛውም መቀስ አያድነውም ተባለ። ይህ መልስ ሳይታሰብ የተሰጠ ጥሩ ሂስ ነው፤ በደሙ መጠን ቢሆን ኖሮ ከሱ የባሱ ብዙዎች «አር» አግኝተው አልፈዋል። ካሴቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩን ቀጠለ። በ1989 ፊልሙን ለቴሉራይድ ፌስቲቫል የመረጠው ዘጋቢ ፊልም ሠሪው ኤሮል ሞሪስ ነው። ሞሪስ ከአንድ ዓመት በፊት ባወጣው «ቀጭኑ ሰማያዊ መስመር» ዳላስ ውስጥ በሐሰት ምስክርነት ሞት ተፈርዶበት የነበረን ሰው ንጽሕና አሳይቷል፤ ሰውየውም በ1989 ተፈቷል። የቴክሳስ ፍትሕ የተቀበለውን ውሸት በካሜራ ያጋለጠ ሰው፣ የቴክሳስ ፖሊስ ከተቀበለው ውሸት ለተሠራ ልብ ወለድ ጠበቃ መሆኑ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ሁለቱ ፊልሞች የሚያነሱት አንድ ጥያቄ ነው፤ በእርጋታ ስለተነገረ ብቻ ማንን እናምናለን? በቴሉራይድ ብዙ ሰው አዳራሹን ጥሎ ወጣ።

በ1990 ፊልሙ ያለ ደረጃ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ታየ። የቺካጎው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጠው፤ ኤም ፒ አይም የፊልም ማኅበሩን ፍርድ ቤት አቆመ። በዚያው ዓመት የስፔኑ የፔድሮ አልሞዶቫርና የእንግሊዙ የፒተር ግሪናዌይ ፊልሞችም በዚሁ የ«ኤክስ» ደረጃ ሰበብ ከማኅበሩ ጋር ተጋጭተው ስለነበር፣ ማኅበሩ መስከረም ላይ «ኤክስ»ን ሽሮ «ኤንሲ-17» የተባለውን አዲስ ደረጃ አመጣ። የሲኒማ ቤት ገቢው ስድስት መቶ ሺህ ዶላር ገደማ ደረሰ፤ ለባለገንዘቦቹ መጥፎ ትርፍ አይደለም። ግድያን የመመልከት ጥያቄ በሌላ ፊልምም ተነሣ፦ በ1992 ቤልጂየም ውስጥ ሦስት ወጣቶች አንድን ገዳይ እየተከተለ የሚቀርጽ የፊልም ቡድን ታሪክ በጥቁርና ነጭ ሠርተው ካን ይዘው ሄዱ፤ እዚያ ቀራጮቹ ራሳቸው ተባባሪ ይሆናሉ።

ለክርክሬ ትልቁን ማስረጃ ያቀረበው ግን የብሪታንያ ሳንሱር ነው። የፊልም ፈቃድ ሰጪው ቦርድ በ1991 ለሲኒማ አንድ ደቂቃ ያህል ቆርጦ ፈቀደ። በ1993 የቪዲዮ ቅጂው ሲመጣ የቦርዱ ዳይሬክተር ጄምስ ፈርማን ከመቁረጥ አልፎ ትዕይንቱን ራሱ አቀናበረው፤ ሄንሪና ኦቲስ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ የሚታዩበትን ምስል ከመጨረሻው አንሥቶ ወደ መሐል አመጣው። ዓላማው ተመልካቹን ከግድያው ማራቅ ነበር። ውጤቱ ግን ተመልካቹን ከጥፋተኝነት ማራቅ ሆነ፤ የሚያዩት እነሱ መሆናቸውን አስቀድመን ካወቅን፣ እኛ ስናይ መቆየታችን አይጎረብጠንም። ፈርማን ፊልሙን የማይረዳ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም የፊልሙ ስለት የት እንዳለ በትክክል ስላወቀ ነው እጁን እዚያ ላይ ያሳረፈው። ፊልሙ በእርግጥ ስለ አንድ ገዳይ ሕይወት ቢሆን ኖሮ የአንድ ምስል ቦታ መቀየር ምንም ባላጎደለው ነበር። ሳይቆረጥ እንዲታይ ቦርዱ የፈቀደው በ2003 ነው።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ለእሱ ግማሽ መልስ ብቻ ነው ያለኝ። እውነተኛ ሰዎች ሞተዋል፤ የሟች ዘመዶች በሕይወት ሳሉ የገዳዩን ስም ርእስ አድርጎ መሸጥ ነውር ነው ይባላል። ፊልሙ ሄንሪን ቆንጆ፣ ብልህ ወይም አስቂኝ አያደርገውም፤ በኋላ እንደመጡት የሆሊዉድ ገዳዮች ወይን ጠጅ አያስቀምሰውም፣ ጥቅስ አያስጠቅሰውም። መጨረሻ ላይ ቤኪን ይዟት ይሄዳል፣ ጠዋት ላይ ለብቻው ይወጣል፣ መንገድ ዳር አንድ ከባድ ሻንጣ ያወርዳል፤ እሷን እንደገደላት ለማወቅ ከዚህ በላይ አላስፈለገንም። ይህ ልከኝነት ክሱን ያቀልለዋል። የስሞቹን ጉዳይ ግን አልከላከልም። «ቤኪ» ሉካስ የገደላት ያቺ ለጋ ልጅ የምትጠራበት ስም ነበር፤ ለታሪኩ የማያስፈልግ ሆኖ ሳለ እንዳለ ተወስዷል። ሌላ ስም ቢሰጧት ፊልሙ አንዳች ነገር አይጎድልበትም ነበር። በሌላ በኩል የሉካስን አፈ ታሪክ ያሰራጨው ይህ ፊልም ነው የሚለውን ክስ አልቀበለውም። አፈ ታሪኩ የተሰራጨው በመርማሪዎች ፊርማና በቴሌቪዥን ዜና ነው፤ ፊልሙ ቢያንስ በመጀመሪያው ደቂቃ ቃሉ የተካደ መሆኑን ጽፎ አሳይቷል፤ ብዙዎቹ የፖሊስ መዝገቦች ይህን አላደረጉም።

በሉካስ ላይ የሞት ፍርድ ያስፈረደው ግድያ፣ በ1979 ቴክሳስ ውስጥ አውራ ጎዳና ዳር ብርቱካናማ ካልሲ ብቻ አድርጋ የተገኘች ስሟ ያልታወቀ ሴት ጉዳይ ነበር። በዚያን ቀን እሱ ፍሎሪዳ ውስጥ ጣሪያ ሲሠራ እንደነበር የሥራ መዝገብ ያሳያል። በ1998 የቴክሳስ ገዥ የነበረው ጆርጅ ቡሽ ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠለት፤ በሥልጣን ዘመኑ እንዲህ ያለ ምሕረት ያደረገው ለዚህ ሰው ብቻ ነው። ሉካስ በመጋቢት 2001 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የሴትዮዋ ማንነት የታወቀው በ2019፣ በዘረ መል ምርመራ ነው። የዊልያምሰን አውራጃ ሸሪፍ ቢሮ፣ ሉካስ ቃሉን ይሰጥበት የነበረው የዚያው አውራጃ ቢሮ፣ ስለ እሷ የሚያውቅ ሰው ጥቆማ እንዲሰጥ ከአርባ ዓመት በኋላ ሕዝቡን ጠየቀ።